ከኮለም የወጣው ኢንዛይም ለምን ሞተ?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። ከከብት የተለቀሙ ሪፒሴፋለስ ዴኮሎራተስ መዥገሮች ጥለውት የተፈለፈሉትን እጮች ፈጨሽ። ጭማቂው በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5.5 ዜድ-ፌ-አርግ-ኤኤምሲን፣ ሲቆረጥ የሚያበራውን የመፈተኛ ሞለኪውል፣ ጥሩ አድርጎ ቆረጠ። ሌሊቱን ዳያሊሲስ አድርገሽ (በስስ ከረጢት ትናንሽ ሞለኪውሎችን አጥበሽ) ጠዋት በትሪስ በፈር (ፒኤችን የሚጠብቅ ፈሳሽ) ፒኤች 8 ኮለም፣ ማለትም ፕሮቲኖችን በሚለይ ቱቦ፣ ስታሳልፊው ግን ምንም የመቁረጥ ሥራ የለም። ሰው መክሮሽ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን የሚያግድ የኢንሂቢተር ታብሌት ስትጨምሪ ደግሞ ያልተጣራውም ሞተ።

እህቴ፣ የምጠረጥረው ካቴፕሲን ኤል የተባለውን፣ በአሲድ ውስጥ የሚሠራ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ነው። ታብሌቱን ጣይው። ብዙዎቹ ውስጥ ኢ-64 ወይም ሊዩፔፕቲን አለ፤ የምትፈልጊውን ኢንዛይም ራሱን ነው የሚይዙት። እንዲህ ያለ ምክር ስንቱን ናሙና አበላሽቷል!

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። እጮቹን በባዶ እጅ፣ ክፍት ጠረጴዛ ላይ አትፍጪ። ፍሪዘር መዥገሩን ይገድላል እንጂ የያዘውን ተሕዋሲ ሁልጊዜ አይገድልም።

አሁን ወደ ሞቱ ምክንያት። የዚህ ኢንዛይም የሥራ ቦታ ሲስቴይን በተባለ አንድ አሚኖ አሲድ ላይ ያለ ሰልፈር ነው። ሰልፈሩ ነፃ ሲሆን ይቆርጣል፤ ኦክስጅን ካገኘው ይዘጋል። ጭማቂሽ ቡናማ መሆኑን ጽፈሻል። እጮቹ ደም ሳይጠቡ ቡናማው ከየት መጣ? ከእናት ነው። መዥገር ሄም (ብረት የያዘውን የደም ቀለም) መሥራት ስለማይችል እናት ከከብቱ ደም ያገኘችውን በእንቁላሉ አስኳል ውስጥ ታስቀምጥለታለች። በሄሙ ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ያን ሰልፈር በፍጥነት እንዲዘጋ ያደርገዋል። ስለዚህ ቡናማው ቀለም ዝም ብሎ ቆሻሻ አይደለም። ፒኤች 8 ሲጨመርበት ይብሳል፤ ካቴፕሲን ኤል ከገለልተኛ በላይ ቅርጹ ይፈርሳል። የተዘጋ ሰልፈር ይመለሳል፣ የፈረሰ ቅርጽ ግን አይመለስም።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከሞተው ትንሽ ውሰጂ። በፒኤች 5.5 ላይ 5 ሚሊሞላር ዲቲቲ (የተዘጋ ሰልፈርን የሚከፍት ኬሚካል) ጨምረሽ 15 ደቂቃ ጠብቂና ለኪ። ከነቃ ሰልፈሩ ነበር የተዘጋው፤ ካልነቃ ቅርጹ ሳይፈርስ አይቀርም። ዲቲቲው አዲስ የተበጠበጠ ይሁን። መደርደሪያ ላይ የከረመ ርካሽ ዲቲቲ ውሃ ነው፤ እሱን አምኖ መድከም ያናድዳል።

ቀጣዩን ዙር በሶዲየም አሴቴት ፒኤች 5፣ ከ2 ሚሊሞላር ዲቲቲና ከ1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ (የብረታ ብረት አዮኖችን አስሮ የሚይዝ) ጋር፣ በበረዶ ላይ ሥሪው። የሌሊቱን ዳያሊሲስ ትተሽ በፈሩን በአጭር የጄል ኮለም ቀይሪ። ከዚያ ካታየን ኮለም (አዎንታዊ ሙላት ያላቸውን ፕሮቲኖች የሚይዝ) ሞክሪ። ካልያዘ፣ ሳይያዝ ያለፈውን አትድፊ፤ እዚያ ውስጥ ፈልጊው።

አሁንም እላለሁ፦ ጓንት አድርገሽ፣ ባዮሴፍቲ ካቢኔት (ተሕዋሲን ከሠራተኛው የሚያርቅ የተከለለ ሣጥን) ውስጥ ፍጪ።

ንቁውን ክፍልፋይ ስታገኚ በ10 ማይክሮሞላር ኢ-64 ፈትኚው። ከሞተ ሲስቴይን ፕሮቲየዝ (በሲስቴይኑ የሚሠራ ፕሮቲን ቆራጭ) ነው። ሌላውን የመፈተኛ ሞለኪውል፣ ዜድ-አርግ-አርግ-ኤኤምሲን፣ በደንብ ከቆረጠ ግን ካቴፕሲን ቢ የተባለ ዘመድ ኢንዛይም አብሮሽ ስላለ፣ አንድ ኮለም ይቀርሻል።