እንቁላሉ ለምን ጫጩት ሳይሆን ቀረ? በቤት ስለመፈልፈል የደረሱን ጥያቄዎች

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ቤት ውስጥ መፈልፈያ ማሽን ናቸው። ወደ መልሶቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችሁ፦ ያልተፈለፈለ እንቁላል ሳትከፍቱ አትጣሉ። ፅንሱ በስንተኛው ቀን እንደሞተና ምን እንደሚመስል ካያችሁ፣ የሚቀጥለውን ዙር በምን እንደምታስተካክሉ ታውቃላችሁ።

ጥያቄ፦ 24 እንቁላል አስገብቼ በ7ኛው ቀን በባትሪ ብርሃን ሳያቸው ዘጠኙ ባዶ ናቸው። በሦስቱ ውስጥ ደግሞ ቀይ ቀለበት ይታያል። ጥፋቱ የአውራ ዶሮው ነው?

መልስ፦ በዘጠኙ ምናልባት፤ በሦስቱ ግን አይደለም። ቀይ ቀለበት የሚታየው ፅንሱ ማደግ ከጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞቶ ደሙ ወደ ዳር ሲሰበሰብ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ዘር ነበራቸው። መጠርጠር ያለበት ማሽኑ መጀመሪያ ላይ ከልክ በላይ ሞቆ እንደሆነ፣ እንቁላሉ ሳይገባ ብዙ ቀን ቆይቶ እንደሆነ ወይም በጉዞ ተንገላትቶ እንደሆነ ነው። ለመፈልፈል የታሰበ እንቁላል ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ቦታ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጣል፤ ከ7 ቀን ባያልፍ ይመረጣል። ፍሪጅ ግን ለዚህ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል። ከሩቅ የመጣ ከሆነ ከማስገባትዎ በፊት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያሳርፉት።

ስለ ባዶዎቹ ለማረጋገጥ ከነዚያው ዶሮዎች አዲስ የተጣሉ ጥቂት እንቁላሎች ሰብረው አስኳሉ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ ይዩ። ትንሽና ድፍን ከሆነች ዘር የለውም፤ ሰፋ ብላ ቀለበት ከሠራች አለው። ለ10 ሴት ዶሮ አንድ ጤነኛ አውራ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እስከ 18ኛው ቀን 20 እንቁላል በሕይወት ነበር፤ የወጡት ግን 6 ጫጩቶች ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ሙሉ ጫጩት ሆነው ቅርፊቱ ውስጥ ሞተዋል። ውሃ አንድም ቀን አላጎደልኩም።

መልስ፦ ከኪሳራ ሁሉ ይህ ያሳዝናል፤ ብዙ ጊዜም የሚመጣው ውሃ እንዳይጎድል ከመጠንቀቅ ነው። እንቁላል በ18 ቀን ውስጥ ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ በትነት መቀነስ አለበት። ውሃው ሲወጣ በሰፊው ጫፍ ያለው የአየር ኪስ ይሰፋል። ጫጩቱ ቅርፊቱን ሳይሰብር የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስበው ከዚያ ኪስ ነው። የማሽኑ አየር ከመጠን በላይ ሲረጥብ ኪሱ ይጠብባል፣ ጫጩቱ አብጦ መዞሪያ ያጣል፣ በፈሳሽ ታፍኖም ይሞታል። የሞቱትን ሲከፍቱ እርጥብና ያበጡ ከሆኑ እርጥበቱ በዝቷል። ስሱ ሽፋን ደርቆ ገላቸው ላይ ከተጣበቀ ደግሞ አንሷል።

ግምቱን ይተዉና ይመዝኑ። አሥር እንቁላል በአንድነት 550 ግራም ቢመዝን፣ በ7ኛው ቀን 525 ገደማ፣ በ18ኛው ቀን ከ478 እስከ 490 ግራም መሆን አለበት። ከዚህ ከከበደ እርጥበቱን ይቀንሱ፤ ከቀለለ ይጨምሩ። እርጥበት የሚጨምረው የውሃው ጥልቀት ሳይሆን ለአየር የተጋለጠው ስፋቱ ነው፤ ስለዚህ ዕቃውን አብዝቶ መሙላት ለውጥ አያመጣም፣ ሰፋ ባለ ዕቃ መቀየር ግን ያመጣል። መነሻው እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 70 በመቶ ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ክዳኑን አይክፈቱ።

የእርጥበት መለኪያውንም ይፈትኑት። በትንሽ ክዳን ውስጥ ጨው አድርገው በጥቂት ጠብታ ውሃ ያርጥቡት፤ እንዲሟሟ ግን አያድርጉ። ከመለኪያው ጋር በጥብቅ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ 12 ሰዓት ያቆዩት። 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 69 ካሳየ ከዚያ በኋላ በሚያነቡት ሁሉ ላይ 6 ይደምሩ።

ጥያቄ፦ ጫጩቶቼ ሁልጊዜ በ23ኛው ቀን ነው የሚወጡት፤ ደካሞችም ናቸው። ማሽኑ 37.5 ያሳያል።

መልስ፦ ማሽኑ ያሳያል እንጂ እንቁላሉ ያንን ሙቀት እያገኘ አይደለም። ከ21 ቀን መዘግየት የቅዝቃዜ፣ መቅደም የሙቀት ምልክት ነው። 37.5 ዲግሪ ማራገቢያ ላለው ማሽን ነው። ማራገቢያ ከሌለው ሙቁ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ቴርሞሜትሩን ከእንቁላሉ አናት እኩል አስቀምጠው 38.5 ገደማ ያድርጉት። ትክክለኛነቱን ለማወቅ ከሰው ትኩሳት መለኪያ ጋር 38 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ጫፍ ለጫፍ ይንከሯቸው። የግማሽ ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ 21 ቀን ሲጠራቀም ግን ይኸው ነው ውጤቱ።

ጥያቄ፦ በ12ኛው ቀን መብራት ለ5 ሰዓት ጠፋ። ልጣላቸው?

መልስ፦ በፍጹም! ፅንስ ከሙቀት ይልቅ ቅዝቃዜን ይችላል። ማሽኑን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፤ የአየር ቀዳዳዎቹ ግን ክፍት ይሁኑ፣ በተለይ በመጨረሻው ሳምንት፤ ያደገ ፅንስ ብዙ አየር ይፈልጋል። መብራት ሲመጣ «ይካሳል» ብለው ሙቀቱን ከፍ አያድርጉ፤ የሚገድላቸው ያ ነው። ከ4 ቀን በኋላ በብርሃን አይተው ይወስኑ። አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊዘገዩ ስለሚችሉ በ21ኛው ቀን ተስፋ አይቁረጡ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ተነስቼ እንቁላሎቹን ማዞር አለብኝ?

መልስ፦ አያስፈልግም። በቀን 3 ወይም 5 ጊዜ ያዙሩ። ቁጥሩ ጎዶሎ የሚሆነው ረጅሙ ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎን ላይ እንዳይውል ነው። በአንድ ጎን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ በ18ኛው ቀን ያቁሙ።

ጥያቄ፦ አንዱ ጫጩት ቅርፊቱን ከነቆረ 10 ሰዓት ሆነው። ልርዳው?

መልስ፦ ይጠብቁ። ዝም ያለ ቢመስልም በሽፋኑ ላይ ያለውን ደምና የአስኳሉን ቀሪ ወደ ሰውነቱ እየሳበ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀዳዳ እስከ መውጣት 24 ሰዓት የተለመደ ነው። ከዚያ ካለፈና ሽፋኑ ደርቆ ከታየ፣ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጥጥ ሽፋኑን ያርሱ፤ ውሃው ወደ አፍንጫው እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ቅርፊቱን ከቀዳዳው ጀምረው በሰፊው ጫፍ ዙሪያ ብቻ በጥቂቱ ያንሱ። ደም ካዩ ወዲያው ያቁሙና ወደ ማሽኑ መልሰው ጥቂት ሰዓት ይስጡት። ታችኛውን ግማሽ በፍጹም አይንኩ፤ እምብርቱ ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የወጡት ጫጩቶች እግራቸው ወደ ጎንና ጎን ይከፈታል።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚያንሸራትት ወለል ነው። ጋዜጣውን አንስተው ሻካራ ጨርቅ ያንጥፉ። ሁለቱን እግሮች በተፈጥሯዊ ስፋታቸው፣ እንዲራመድ በሚያስችል መልኩ፣ በለስላሳ ፕላስተር ያያይዙና ከ2 እስከ 3 ቀን ያቆዩት። ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ አጥንታቸው ገና ለስላሳ እያለ ነው የሚስተካከለው።