መልስ፦ የወንዝ ደለል የጥንቱን ዝናብ እንዴት ይናገራል?

«ጭቃ ጭቃ ነው፤ ከሺህ ዓመታት በፊት ዝናብ መብዛት ማነሱን በምን ያውቁታል?» ብለህ ለጠየቅከው፣ የአባይን ነገር እንይ።

ቁልፉ ስትሮንቲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። የሁለቱ አይሶቶፖቹ (በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች)፣ የስትሮንቲየም-87 እና የስትሮንቲየም-86፣ ምጣኔ ከአለት አለት ይለያያል። የኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቁር አለት) አብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ ምጣኔው ዝቅ ይላል። ነጭ አባይ የሚያጥባቸው አለቶች ግን እጅግ ያረጁ ናቸው፤ ምጣኔያቸው ከፍ ይላል። ስለዚህ ከግብፅ ዴልታ፣ አባይ ወደ ባሕር ከሚገባበት ሜዳ፣ ተቆፍሮ የወጣ ደለል ከየት እንደመጣ ላብራቶሪ ውስጥ ይለያል።

ግራ የሚያጋባው እዚህ ጋ ነው። ዝናብ ሲበዛ የእኛ አፈር ድርሻ የሚጨምር ይመስላል አይደል? ተቃራኒው ነው! ከ5,000 ዓመት በፊት ባበቃው እርጥብ ዘመን ደጋው በዕፅዋት ተሸፍኖ አፈሩን ይዞት ነበር። ድርቁ ሲመጣ መሬቱ ተራቆተ፤ የክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። ከ4,200 ዓመት ገደማ በፊት፣ የግብፅ ጥንታዊ መንግሥት በወደቀበት ሰሞን፣ ይኸው ምልክት፣ ማለትም ከደጋው የመጣው ደለል ድርሻ ጨምሮ ምጣኔው መውረዱ፣ በዴልታው ይታያል።

በእኔ እይታ ግን ስትሮንቲየም ብቻውን አይበቃም፤ የሚነግረን ስለ አፈሩ መነሻ ነው። ለዝናቡ በደለሉ ውስጥ የሚቀረው የቅጠል ሰም (የቅጠልን ገጽ የሚሸፍነው ስስ ልባስ) ይሻላል፤ በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ተክሉ የጠጣውን የዝናብ ውኃ ምልክት ይዞ ይቆያል።