አዳማ ላይ ጋራዥ ውስጥ ጠጅ ስትጥል ሙቀቱን እንዴት ትቆጣጠራለህ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «አዳማ ነኝ፣ ግቢ ውስጥ ያለው የመኪና ጋራዥ ውስጥ በፕላስቲክ በርሜል 40 ሊትር ጠጅ እጥላለሁ፣ ሁሌ ጉሮሮ የሚያቃጥልና በነጋታው ራስ የሚፈልጥ ይሆንብኛል፣ ጋራዡ ቀን 33 ይገባል ሌሊት 17 ይወርዳል፣ ኤሲ ላስገባ ወይስ ፍሪጅ ልግዛ? አሁን በርሜሉ ውስጥ ያለውንስ ምን ላርገው?» ነው ያልከው። እኔም እዚሁ አዳማ ቆርቆሮ ስር ነው የምጥለው፣ ጠጅ በብዛት፣ የቢራ እርሾ ከውጭ የሚያመጣልኝ ሰው ሲገኝ ደግሞ ቢራም እሞክራለሁ፣ ስለዚህ ረዘም አርጌ ልመልስልህ።

ኤሲውን እርሳው። ጋራዥ ማቀዝቀዝ ማለት ቆርቆሮና ብሎኬት ማቀዝቀዝ ነው፣ ብርህም መብራቱም አይችሉትም። ማቀዝቀዝ ያለብህ በርሜሉ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ነው፣ እሱንም ሁልጊዜ ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት።

ለምን መሰለህ፣ እርሾ ስኳሩን ሲበላ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ በደንብ ሲፈላ የበርሜሉ ውስጥ ከውጪው አየር ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል፣ በርሜሉ ትልቅ በሆነ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጋራዡ 33 ሲሆን ጠጅህ 36 ምናምን ላይ ሊሆን ይችላል። እዛ ሙቀት ላይ እርሾው ተጣድፎ ሲባዛ ፊዩዘል የሚባሉትን ከባድ አልኮሎች ያመርታል፣ ያ ጉሮሮህን የሚያቃጥለው እሱ ነው። እነዚህ ደግሞ በብዛት የሚመጡት መጀመሪያ ላይ እርሾው በሚባዛበት ሰዓት ነው። አረፋው ከወደቀ በኋላ 26 27 ቢደርስብህ ያን ያህል አያስጨንቅም፣ እንዲያውም እንዲጨርስ ይረዳዋል። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፣ ቶሎ ይነሳ ብሎ መጀመሪያ ሙቅ ቦታ ያስቀምጠውና ከሳምንት በኋላ ስለ ሙቀት ማሰብ ይጀምራል።

እኔ ለጠጅ ከ20 እስከ 24 ነው የምፈልገው። ለኤል (ሞቅ ባለ ቦታ የሚፈላው የቢራ ዓይነት) እርሾ ከ18 እስከ 22 ብትይዝ ጥሩ ነው። ላገር የሚባለው በቅዝቃዜ የሚፈላው ቢራ ደግሞ ከ8 እስከ 13 ስለሚፈልግ ያለ ፍሪጅ አዳማ ላይ አታስበው።

መለኪያውን በተመለከተ፣ የጋራዡ ግድግዳ ላይ የሰቀልከው ቴርሞሜትር የጋራዡን ነው የሚነግርህ። ሴንሰሯ በሽቦ የምትወጣ ርካሽ ዲጂታል ግዛና ሴንሰሯን በርሜሉ ጎን መሃሉ አካባቢ በፕላስተር ለጥፋት፣ ከላይዋ ወፈር ያለ ስፖንጅ ደርብባት፣ ያኔ አየሩን ሳይሆን ጠጁን ታነባለች። (የልጆች ትኩሳት መለኪያ ይሆናል ወይ ያለኝ ሰው ነበር፣ ያ ብዙውን ጊዜ ከ35 በታች አያነብም፣ ጠጅህ ሲታመም ብቻ ነው የሚነግርህ።)

አሁን ወደ ዋናው። ሰፊ ሳፋ ወይም ከላይ የተቆረጠ ትልቅ በርሜል ፈልግ፣ የጠጁን በርሜል እሱ ውስጥ አስቀምጥና በዙሪያው ውሃ ሙላ፣ ውሃው ቢያንስ የጠጁን ግማሽ ከፍታ ይድረስ። 40 ሊትር ጠጅና 40 ሊትር ውሃ አንድ ላይ 80 ሊትር ነው፣ ያን የሚያክል ፈሳሽ ቶሎ አይሞቅም ቶሎም አይቀዘቅዝም፣ ያ የቀንና የሌሊት የ16 ዲግሪ ልዩነት ጠጁ ጋ ሲደርስ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ይሄ ብቻውን ግማሽ ሥራህን ይጨርስልሃል፣ ምክንያቱም እርሾ ከሙቀቱ እኩል የሚጠላው ከፍ ዝቅ ማለቱን ነው፣ ሌሊት ቀዝቅዞት የቆመ ጠጅ ነው ብዙ ጊዜ ጣፋጭ ሆኖ የሚቀረው።

ከዛ በረዶ። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ ፍሪዘር ውስጥ ክተት፣ እስከ አፉ አትሙላው በረዶ ሲሆን ይሰነጥቀዋል። እንደዛ ያለ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ለሙሉ ቀልጦ ውሃው እስኪስተካከል ድረስ 80 ሊትሩን 2 ዲግሪ ከምናምን ያወርደዋል፣ ይሄን ካወቅክ በግምት አትሠራም፣ ስንት ዲግሪ ማውረድ እንዳለብህ አይተህ ነው የምትጨምረው። እኔ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ አንድ፣ ፀሐይ ሳይበረታ አንድ ነው የማስገባው፣ በተረፈ የቀለጡት ወደ ፍሪዘር ይመለሳሉ። አንዴ አራት አምስት ከጨመርክበት ግን 15 ምናምን ወርዶ እርሾው ይተኛብሃል። የሳፋውን ውሃ በየሦስት ቀኑ ቀይረው፣ የቆመ ውሃ አዳማ ላይ የወባ ትንኝ ማርቢያ ነው።

ፍሪዘር ከሌለህ እርጥብ ጨርቅ ይበቃሃል። ያረጀ ፎጣ ወይ ጆንያ በርሜሉ ላይ አልብሰውና ጫፉ ሳፋው ውሃ ውስጥ ይነከር፣ ራሱ ውሃውን ወደ ላይ እየሳበ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል፣ ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ፋን ካዞርክበት በጣም ይወርዳል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሩን ገርበብ ማድረግ ነው፣ ያ ሁሉ የንፋስ ተርባይን ከተማችን ዳር የተተከለው በከንቱ አይደለም። ደረቁና ነፋሻው የበጋ አየር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ስለሚረጥብ ብዙም አይሠራም ግን ያኔ ሙቀቱም ስለሚቀንስ ግድ የለም፣ የሚያስቸግረው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለው ነው። የድሮ ሸክላ ጋን ይሄን በራሱ ጊዜ ነበር የሚሠራው፣ ትንሽ ትንሽ ያልበውና ላቡ እየተነነ ይቀዘቅዛል፣ ፕላስቲክ ግን አያልበውም።

ጋራዡ ውስጥ የት እንደምታስቀምጠውም ለውጥ አለው። መደርደሪያ ላይ አታርገው፣ ሙቀቱ ያለው ጣሪያው ስር ነው፣ ሲሚንቶ ወለሉ ላይ፣ የከሰዓት ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ራቅ አርገው። ኮርኒስ ከሌለው ርካሽ ነገር ወጥርበት። መኪናውንም ሞተሩ እንደጋለ አስገብተህ በሩን አትዝጋ፣ ከምድጃ አይተናነስም፣ የቤንዚን ሽታውም ለጠጅ ጥሩ አይደለም።

ፍሪጅ ልግዛ ወይ ላልከው፣ ለጠጅ ብቻ ከሆነ አልመክርህም፣ ቢራ በቁም ነገር ልትሠራ ከሆነ ግን ያገለገለ ግዛ። ፍሪጁ በራሱ ቴርሞስታት 4 5 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን እርሾህን ያስተኛዋል፣ ስለዚህ ኤስቲሲ 1000 የሚባለውን ወይም ለእንቁላል ማስፈልፈያ የሚጠቀሙበትን ዓይነት ዲጂታል የሙቀት መቆጣጠሪያ በሶኬቱና በፍሪጁ መሃል ታስገባለህ፣ ማቀዝቀዝ ላይ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጥ። 20 ላይ ሙላው፣ የ1 ዲግሪ ልዩነት ስጠው፣ ኮምፕሬሰሩ ጠፍቶ እስኪነሳ ቢያንስ 5 ደቂቃ እንዲጠብቅ አርገው፣ መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ሰፈር ኮምፕሬሰር የሚያቃጥለው ቶሎ ቶሎ መነሳቱ ነው። የሴንሰሩን ሽቦ በበሩ ላስቲክ በኩል አስገባው እንጂ ግድግዳውን አትብሳ፣ የጋዝ ቱቦ ታገኛለህ። ከመግዛትህ በፊት ደግሞ በርሜልህን ለካ፣ ከታች ኮምፕሬሰሩ ያለበት ጉብታ ቦታ ይበላል።

ሙቀቱን ማውረድ ጭራሽ ካልተመቸህ ሙቀት የሚችል እርሾ አለ፣ ከምዕራብ ኖርዌይ የመጣ ክቬይክ የሚባል፣ ቮስ የሚሉት ዓይነቱ ከ35 እስከ 40 ላይ ነው የሚመርጠው፣ ለቢራ ነው የተለመደው። ጠጅ ላይ ከጨመርከው ምግብ ይፈልጋል። ማር ስኳር እንጂ ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል፣ የተራበ እርሾ ደግሞ ሙቀት ላይ የባሰ ያስቸግራል። አንድ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ውሃ ውስጥ በደንብ አፍልተህ ገድለህ ብትጨምር ለሌላው እርሾ ምግብ ይሆነዋል፣ ይሄ ለማንኛውም ጠጅህ ይጠቅማል።

አሁን በርሜሉ ውስጥ ያለውን ምን ላርገው ላልከው፣ መጀመሪያ አሽትተው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ኮምጣጤም ሳይሸት አልኮሉ ብቻ የሚያቃጥልህ ከሆነ የሙቀቱ ነው፣ ብታቆየውም ብዙ አይለወጥም፣ ለበዓል እንግዳ አታቅርበው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ከሆነ ሙቀትም ሊሆን ይችላል አየር ስለገባበትም ሊሆን ይችላል። ኮምጣጤ ከሸተተ ግን ስለ ሙቀት የጻፍኩልህ ሁሉ አያድነውም፣ ክዳንህ ነው፣ አረፋው ካለቀ በኋላ አየር የሚያስገባ ነገር ላይ አትተወው፣ በርሜሉንም እስከ አፉ ጠጋ አርገህ ሙላው። እሱን ጨርሶ ይኮምጥልህና ለሰላጣ ተጠቀምበት፣ በርሜሉን ግን መጀመሪያ ኮምጣጤው እስኪጠፋ በውሃ፣ ከዛ በቀዝቃዛ ውሃ በተበጠበጠ በረኪና በደንብ ሳታጥብና ሳታለቀልቅ አዲስ ማር እንዳትጨምርበት።