ባትማን ከመምጣቱ በፊት፦ ስለ «ዘ ብሬቭ ኤንድ ዘ ቦልድ» ጥያቄና መልስ

የአሜሪካው አሳታሚ ዲሲ ኮሚክስ ያወጣውን «ዘ ብሬቭ ኤንድ ዘ ቦልድ» የተባለ ኮሚክ (በሥዕል ታሪክ የሚተርክ መጽሔት) ከ1ኛው እትም ጀምሬ እንደገና እያነበብኩ መሆኑን ስናገር ጥያቄው በዛ። ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ አልኩ።

ጥያቄ፦ ይሄ ጭምብል ለባሹ ጀግና ባትማን ከሌሎች ጀግኖች ጋር እየተጣመረ የሚሠራበት መጽሔት አይደለም እንዴ?

እሱ ኋላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሲጀመር በውስጡ አንድም የሚበር ሰው አልነበረም። በአንድ እትም ሦስት የጀብዱ ታሪኮች ይወጡ ነበር። አንደኛው በሐሰት ተከሶ ባሪያ የሆነ የሮም ግላዲያተር፣ ሁለተኛው ጥሩሩን ከለበሰ በኋላ በድምፁ እንዳይለዩት ቃል የማይተነፍስ ፈረሰኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ማንነቱን ረስቶ ከባሕር የወጣ የቫይኪንግ (የጥንት የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች) ልዑል ነበር።

ጥያቄ፦ ሮቢን ሁድስ?

የእንግሊዝ አፈ ታሪኩ ቀስተኛ ከ5ኛው እትም ገባ። ግላዲያተሩም ብዙ ሳይቆይ ወጣ።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገረን፣ ዛሬ ሲነበብ አይሰለችም?

ጽሑፉ አንዳንዴ ይሰለቻል። ሥዕሉ ላይ ሰውየው ሰይፍ ሲመዝ እያየኸው፣ ቃሉ ደግሞ «ሰይፌን መዘዝኩ» ይልሃል። የጆ ኩበርት ሥዕል ግን ሌላ ነገር ነው! ቫይኪንጉን የሣለው እሱ ነው። ማዕበሉን በወፍራም ብሩሽ ጥቁር አድርጎ ሲያነሣው፣ መርከቧ ከገጹ የምትወጣ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ ቃሉን ሳላነብ ሥዕሉን ብቻ እስከ መጨረሻ አያለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ አነባለሁ። ሞክሩት፤ ታሪኩ ያለ ቃልም ይገባችኋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ እነዚህን የጀብዱ ታሪኮች ለምን ተዉአቸው?

ልዕለ ኃያል ጀግኖች እንደገና ገበያ ስላገኙ ነው። 23ኛውና 24ኛው እትም ለቫይኪንጉ ብቻ ተሰጡ። በ1959 ከወጣው ከ25ኛው ጀምሮ መጽሔቱ አዳዲስ ሐሳቦች መሞከሪያ ሆነ። ሱሳይድ ስኳድ የተባለው የአደገኛ ተልእኮ ቡድን እዚያ ጀመረ፤ በ1960 ደግሞ 28ኛው ላይ የልዕለ ኃያል ጀግኖች ቡድን የሆነው ጀስቲስ ሊግ መጣ። የጀግኖች ጥምረት ከ50ኛው ነው፤ ከ74ኛው ጀምሮ ባትማን ጠቅልሎ ያዘው፤ በ1983 በ200ኛው እትም ተዘጋ። ጀስቲስ ሊግን እወደዋለሁ፤ ግን ቫይኪንጉ ሙሉውን መጽሔት ባገኘ ማግስት መቆሙ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት አሮጌ ኮሚክ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙም ተቀዷል። በፕላስተር ላጣብቀው?

እባክሽ እህቴ፣ እንዳታደርጊው። የፕላስተሩ ሙጫ ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያበላሸዋል። ያ ዘመን የታተመበት ወረቀት እንደ ጋዜጣ ርካሽ የእንጨት ወረቀት ነው፤ በውስጡ ያለው አሲድ ራሱን ይበላዋል፣ ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ያፋጥኑታል። አሲድ የሌለው ካርቶን ከጀርባው አድርገሽ ግልጽ በሆነ የፖሊፕሮፒሊን (የፕላስቲክ ዓይነት) ከረጢት ውስጥ ክተቺው፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ስታነቢው ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ ይሁን፤ ጀርባውን አትለጥጪው።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ልጀምር?

ከ1ኛው። ልዑሉ ከባሕር የሚወጣው እዚያ ነው።