አንቀጽ፦ በር ወይስ የሕግ ድንጋጌ?

ጥያቄ፦ «አንቀጸ ብርሃን» የተባለው ጸሎት «የብርሃን በር» ተብሎ ሲተረጎም ሰማሁ። በሕገ መንግሥቱ «አንቀጽ 39» ስንል ቃሉ ያው ነው? ሲበዛስ «አንቀጾች» ነው ወይስ «አናቅጽ»?

መልስ፦ ያው ቃል ነው። በግእዝ አንቀጽ ማለት በር፣ መግቢያ ነው። የማቴዎስ ወንጌል 7፥13 በግእዝ «ባኡ እንተ ጸባብ አንቀጽ» ይላል፤ በአማርኛ «በጠበበው ደጅ ግቡ» ነው። «አንቀጸ ብርሃን» ላይ «ጽ» ወደ «ጸ» የተለወጠው ዘርፍ (የማን ወይም የምን መሆኑን የሚናገር ስም፣ እዚህ «ብርሃን») ስለ ተከተለው ነው፤ አማርኛ በ«የ» የሚገልጸውን ግእዝ በዚያች አንዲት ፊደል ይጨርሰዋል።

ዛሬ የቤቱን በር አንቀጽ የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። ቃሉ ወደ ጽሑፍ ተሻግሯል፤ ዐረብኛም በርንም የመጽሐፍ ክፍልንም «ባብ» ይላል። ለአማርኛ መምህር አንቀጽ በአንድ ኃይለ ቃል ዙሪያ የተሰባሰቡ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ጋዜጣ አቋሙን የሚገልጽበት ጽሑፍ ርእሰ አንቀጽ ይባላል። በነባሩ ሰዋስው ደግሞ አንቀጽ ግሥ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ሊጠፋ የማይገባው ይህ ፍቺ ይመስለኛል። «ልጁ ምሳውን በልቶ» ብላችሁ ብታቆሙ ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል፤ «ተኛ» ስትሉ ነገሩ ይታሰራል። ስለዚህ «ተኛ» ማሰሪያ አንቀጽ ነው።

«አናቅጽ» የግእዝ፣ «አንቀጾች» የአማርኛ አበዛዝ ስለሆኑ ሁለቱም ያስኬዳሉ። ስሕተቱ «አናቅጾች» ነው፤ እንደ «መጻሕፍቶች» የበዛውን መልሶ ያበዛል። ፊደሉም ጸሎቱ «ጽ» እንጂ ፀሐዩ «ፅ» አይደለም፤ «ርእስ»ም በ«እ» ይጻፋል።

ሕግ ስትጠቅሱ ከትልቁ ወደ ትንሹ ውረዱ፦ «የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 2 (ሀ)»። አንቀጹን በቁጥሩ ጥሩት እንጂ በገጹ ላይ የሚታዩትን የመስመር ክፍሎች አትቁጠሩ፤ አንድ የሕግ አንቀጽ ብዙ እንዲህ ያሉ ክፍሎች ሊኖሩት ስለሚችል ተማሪ «ሦስተኛው አንቀጽ» ሲል ንዑስ አንቀጽ 3ን ማለቱ ይሁን አንቀጽ 3ን አይለይም። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ስትጠቅሱ ግን በሕግ ሰዎች ዘንድ የተለመደው «ቁጥር» ነው፤ ስለ ውል መሠረታዊ ሁኔታዎች የሚናገረው «የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1678» ይባላል።