የድሮ ፎቶን በስልክ ሲያነሱ

ጥያቄ፦ የወላጆቼን የሠርግ ፎቶዎች ከአልበም ላይ በስልክ ሳነሳ መሐሉ ላይ ነጭ ብርሃን ያርፍበታል፤ ጠርዙም ተንጋዶ ይወጣል። በቴሌግራም ለእህቴ ስልክላት ደግሞ ጭራሽ ይደበዝዛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ነጩ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲኩ ላይ የሚንጸባረቀው የጣራ አምፖል ነው። አምፖሉንም ፍላሹንም ያጥፉ። ፎቶው በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ ከፕላስቲኩ ያውጡት፤ ከተጣበቀ ግን አይላጡት፣ ምስሉ አብሮ ይነሳል። ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ያስተኙት፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። አሁንም ካብረቀረቀ የሚንጸባረቀው ስልኩ ወይም የለበሱት ነጭ ሸሚዝ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ካርቶን ወስደው ለካሜራው ብቻ የሚበቃ ቀዳዳ ይብሱና ስልኩን ከኋላው አድርገው ያንሱ።

መንጋደዱ ስልኩ ከፎቶው ጋር ትይዩ ስላልሆነ ነው። የካሜራውን የመስመር መረብ (ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ቀጭን መስመሮች) ከፍተው ከፎቶው ጠርዝ ጋር ያስተካክሉ። በጣም አይጠጉ፤ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ያንሱና ትርፉን ስልኩ ላይ ይቁረጡ። እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ስልኩን መጻሕፍት ደራርበው ጫፋቸው ላይ ያስደግፉ፣ የ3 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪም ይጠቀሙ።

ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል። «ፋይል» የሚለውን መርጠው ይላኩ።