መቀሱን መቼ እንደምታስቀምጡ ተማሩ

ልጆቼ፣ በየዓመቱ በሜይ ወር ገደማ የፖቶማክ ቦንሳይ ማኅበር ዋሽንግተን ዲሲ ባለው፣ ናሽናል አርቦሬተም በሚባለው የዛፎች መናፈሻ ዓመታዊ ዝግጅቱን ያደርጋል። ቦንሳይ በትንሽ ሳህን ተይዞ፣ እየተገረዘ ትንሽ ሆኖ የሚኖር ዛፍ ነው። ማኅበሩ የዲሲን፣ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን የቦንሳይ ክለቦች ያሰባሰበ ነው። ዛፍ ይታያል፣ ዕቃ ይሸጣል፣ ወርክሾፕ ይሰጣል። ከሲልቨር ስፕሪንግም ተነሱ ከአሌክሳንድሪያ ሩቅ አይደለም፤ ወደ አርቦሬተሙ ለመግባትም አይከፈልም። ከእኛ ልጆች ግን የሚመጣው ጥቂት ነው። የመጣውም ቢሆን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ይህን የምጽፍላችሁ ወደ ወርክሾፑ ጠረጴዛ ቀርባችሁ እንድትቀመጡ ነው።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ሆኜ። ቦንሳይ የያዝኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። «ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» የሚለኝ ብዙ ነው። ሁለቱም ስለት ይዞ ሕይወት ባለው ነገር ላይ መሥራት ነው። በሥራ ዘመኔ የማከብራቸው ሐኪሞች «በቃ፣ ዛሬ እዚህ ላይ እንቁም» ማለት የሚችሉት ነበሩ። ያንን ችሎታ ወጣት ሳላችሁ ብታገኙት ደስ ይለኛል። ቦንሳይ ደግሞ ሰው ሳይጎዳ የሚማሩበት ቦታ ነው።

ከሁሉ በፊት ዛፎቹን እዩ። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍላችሁ። በ1976 አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ከጃፓን 53 የቦንሳይ ዛፎች በስጦታ መጡላት። አርቦሬተሙ ውስጥ ያለው የቦንሳይ ሙዚየም የተጀመረው በእነሱ ነው። ከመካከላቸው አንድ ነጭ ፓይን አለ፤ በሰው እጅ መገራት የጀመረው በ1625 ነው። ያማኪ የተባለ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ ይዞት ኖሯል። ኦገስት 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲፈነዳ ቤታቸው ከቦታው የሚርቀው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የግንብ አጥሩ ዛፉን ጋረደው። ቤተሰቡም ተረፈ። ሙዚየሙ ይህን ታሪክ የሰማው ግን በ2001፣ ሁለት የልጅ ልጆች ዛፉን ሊያዩ ከጃፓን ሲመጡ ነው።

ሰው ሁሉ ስለዚህ ዛፍ ሲያወራ ቦምቡን ያነሳል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ዛፉ በበጋው ሙቀት በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል። ሳህኑ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ቀን ብቻ ቢረሳ ይሞታል። ስለዚህ በእነዚያ 400 ዓመታት ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበረው። ከ1976 ወዲህ ያጠጡት ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው የሙዚየሙ ሠራተኞች ናቸው። አንዳቸውም «እኔ ልጨርሰው» አላሉም። እያንዳንዱ የዓመቱን ድርሻ ሠርቶ ለሚቀጥለው አስረከበ።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ ጆን ናካ የሠሩትን ጎሺን ሳታዩ እንዳትወጡ። የጥድ ጫካ ነው፣ በአንድ ሳህን ላይ። ናካ በካሊፎርኒያ ቦንሳይ ሲያስተምሩ የኖሩ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሥራውን በ1948 በጥቂት ዛፎች ጀመሩት፣ የልጅ ልጆች ሲወለዱላቸው እየጨመሩ 11 አደረሱት። ለእያንዳንዱ የልጅ ልጅ አንድ ዛፍ መሆኑ ነው።

ስታዩ ቆማችሁ ከላይ አትመልከቱ። ጎንበስ በሉና ዓይናችሁን ከግንዱ እኩል አድርጉ። ከሥሩ ጀምሩ። ሥሮቹ አፈሩን በየአቅጣጫው ቆንጥጠው ይዘውታል ወይ? ግንዱ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል ወይ? ከዚያ በኋላ ወደ ቅርንጫፎቹ ውጡ። ጎበዝ ሰው የሠራው ዛፍ ጫፉ ወደ ተመልካቹ ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ለእንግዳ ጎንበስ ብሎ እጅ እንደሚነሳ ጨዋ ሰው። በእጃችሁ ግን አትንኩ። ባለቤቶቹ በጣም ይከፋቸዋል፣ እውነታቸውንም ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። ወርክሾፕ ቦታው ውስን ስለሆነ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። ክፍያ አለው። ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ትንሽ የጥድ ችግኝ ነው፣ ጁኒፐር የሚሉት፣ የሐበሻው ጥድ ዘመድ። ሽቦና አፈር አብሮ ይሰጣል፣ ዛፉንም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ቦንሳይ ልዩ ዘር የለውም፤ ያው ችግኝ መሬት ላይ ቢተከል እንደ ማንኛውም ዛፍ ያድጋል። ትንሽ ሆኖ የሚቀረው በመግረዝ፣ ሥሩን በማሳጠርና በትንሽ ሳህን በመያዝ ነው። በኢንተርኔት «የቦንሳይ ዘር» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ፈተና መቀሱ ነው። ከእጃችሁ ይግባ እንጂ መቁረጥ ያምራችኋል። ተዉት። የግንዱን ግርጌ የሸፈነውን አፈር በቀጭን እንጨት ጠረግ ጠረግ አድርጋችሁ ሥሩን ፈልጉ። ዛፉን አዙራችሁ አዙራችሁ እዩና ፊቱ የቱ እንደሆነ ወስኑ። ጊዜ ይፈጃል፣ ይፍጅ። ቅርንጫፍ ልትቆርጡ ስታስቡ አስቀድማችሁ በመዳፋችሁ ሸፍኑት። ያለ እሱ ዛፉ ምን እንደሚመስል ታያላችሁ። ከተጠራጠራችሁ አትቁረጡ፤ በሽቦ አጥፋችሁ ወደ ሌላ አቅጣጫ መላክ ይቻላል። ሽቦው ከቅርንጫፉ ውፍረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሁን፣ ሰያፍ ሆኖ ይጠምጠም። ስታጥፉ በአውራ ጣታችሁ ደግፉት። ወራት ቆይቶ ልጡን መቁረጥ ሲጀምር ሽቦውን በፒንሳ እየቆራረጣችሁ አውጡት። ልተርትረው ካላችሁ ቅርንጫፉ ይሰበራል።

እዚህ ላይ ከሙያዬ የማውቀውን ልንገራችሁ። የሰው ቁስል ሲድን ሰውነት የተጎዳውን ሥጋ በአዲስ ይተካል። ዛፍ እንደዚያ አያደርግም። የተጎዳውን እንጨት አጥሮ ይዘጋዋል፣ ከዚያ አዲስ እንጨት በላዩ ያበቅላል። የቆረጣችሁት ቦታ ዛፉ እስካለ ድረስ ውስጡ አለ። ጥድ ደግሞ የባሰ ነው። አረንጓዴ ሳታስቀሩ ራቁቱን ያደረጋችሁት ቅርንጫፍ ብዙውን ጊዜ አያቆጠቁጥም፤ ይደርቃል። የጥድ ጉልበቱ ቅጠሉ ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ሲሶውን ካነሳችሁለት በቂ ነው፣ እንዲያውም በዝቷል።

አስተማሪው ዞሮ እናንተ ጋ ሲደርስ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ «ሥሩን ዛሬ እንንካው ወይስ ለሚመጣው ዓመት እናቆየው?» ሥር ለመቁረጥ ጥሩው ጊዜ እንቡጡ ሳይከፈት በፊት ነው፣ በእኛ አካባቢ ማርች ገደማ። በሜይ ቅርንጫፍ ገርዞ፣ ሽቦ ጠምጥሞ፣ በዚያው ቀን ሥሩንም ማሳጠር እኔ አይጥመኝም። ብዙ ወርክሾፕ ይህን ያደርጋል፣ ምክንያቱም ሰው በሚያምር ሳህን የተተከለ ዛፍ ይዞ መሄድ ይወዳል። እናንተ ችግኙ በመጣበት በዚያው በጥቁሩ ፕላስቲክ ይዛችሁ ግቡ። ጓደኞቻችሁ «ይሄ ነው ቦንሳዩ?» ይሏችሁ ይሆናል። ይበሉ። በአንድ ወቅት አንድ ከባድ ሥራ ብቻ። ዛፉ ሲያገግም ሌላው ይቀጥላል።

ዩቲዩብ አለልን ትሉኛላችሁ። እኔም አያለሁ፣ ጥሩ ጥሩ አስተማሪዎች አሉበት። ግን እጃችሁን አያይም። ልትሳሳቱ ስትሉ ክንዳችሁን ያዝ አድርጎ «ቆይ፣ እስቲ ከዚህ በኩል እየው» የሚል ሰው ያስፈልጋችኋል። በየክለቡ የምታገኟቸው አብዛኞቹ ሽበት ያወጡ ሰዎች ናቸው። የሚያውቁትን የሚቀበላቸው ወጣት ሲያጡ ያሳዝኑኛል። «እንግሊዝኛዬ ይያዛል» ብላችሁ አትፈሩ፣ ሥራው በእጅ ነው። ከዝግጅቱ በኋላም ወደ ክለቦቹ መደበኛ ስብሰባ ዛፋችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ሻጮቹ ጋ ስትደርሱ ቦርሳችሁን ያዝ አድርጉ። ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ስለታም መቀስ ይበቃችኋል። የግድ ዛፍ ልግዛ ካላችሁ ረጅሙን ትታችሁ ግንዱ ወፍራም የሆነውን ምረጡ። ቁመት በመግረዝ ይስተካከላል፤ ግንድ በሳህን ውስጥ ቶሎ አይወፍርም።

ቤት ስትገቡ ጥዱን ሳሎን አታስቀምጡት። የውጭ ዛፍ ነው። ደግሞ ያታልላል፤ ከሞተ በኋላ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ቡናማ ሲሆን ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። ውሃ በቀጠሮ አይጠጣም። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፣ ደረቅ ማለት ከጀመረ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ አጠጡት። በረንዳም ግቢም ከሌላችሁ ፊከስ ያዙ። ብርሃን ያለበት መስኮት አጠገብ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ከዋርካና ከሾላ ጋርም አንድ ወገን ነው። ወይራችንም ለቦንሳይ የታወቀ ዛፍ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በጣም ይወዱታል። ነገር ግን ከአገር ቤት ችግኝ በሻንጣ ይዤ ልምጣ እንዳትሉ። ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይገባም፣ አፈር ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው። በሽታና ተባይ የሚሻገረው በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ስለሆነ ሕጉን እደግፈዋለሁ።

ዲሴምበር ሲገባ ደግሞ ጥዱን አዝናችሁለት ሙቀት ውስጥ እንዳታስገቡት። የብርዱ ጊዜ ዕረፍቱ ነው፣ ያስፈልገዋል። ብርድ የሚጎዳው ሥሩን ነው፣ በሳህን ያለ አፈር ከመሬቱ ቶሎ ስለሚበርድ። ነፋስ በማይመታው ጥግ ሳህኑን መሬት ውስጥ ቅበሩት፣ ወይም ዙሪያውን በቅጠልና በእንጨት ፍቅፋቂ ሸፍኑት። አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ በኖቬምበር ስብሰባ ላይ ጠይቁ። ግቢ ያለውና ዛፋችሁን እስከ ማርች ተቀብሎ የሚያቆይላችሁ ሰው ክለቡ ውስጥ አይጠፋም።